ሙቁን ማን ወሰደው?

አቶ ሆሴዕ ሻሜቦ የሞቱት ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዳምቦያ ባለው የአባታቸው ቤት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ነው። ከግንባራቸው ሥር ቅዳሜ በገበያው ሜዳ ሊያነቡት የነበረው ንግግር ነበር። ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እሳቸውም የ«ቤትና አገር ፓርቲ» ዕጩ ነበሩ። ሰው ሁሉ ልባቸው ነው አለ። የልብ ሕመምተኛ እንደነበሩ ዳምቦያ ያውቃል። ወደ ሆሳዕና የተላከው አስከሬን ግን ሌላ ተናገረ፤ በሰውነታቸው የተገኘው የልብ መድኃኒት ለሰው ቀርቶ ለበሬም የሚበዛ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሆሳዕና ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ኢንስፔክተር ኤሊያስ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ሁለት ዲግሪ ያለው፣ የሰው ንግግር ሳያልቅ «ገባኝ» የሚል። ሁለተኛው ዋና ሳጅን ተገኘ ነው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ፣ ከአሥረኛ ክፍል ያላለፈ፣ በአንድ ማዕረግ ላይ አሥራ ሦስት ዓመት የቆመ። ከሥሩ ያለፉ ልጆች ዛሬ ሰላምታ ሲሰጣቸው ስልካቸውን ያያሉ።

እነሱ እንደገቡ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። የግቢው በር ተቆለፈ፤ ከዳምቦያ ሁለት ፖሊሶች ተጨመሩ፤ ማንም አይወጣም ተባለ። ከውጭ የዕጩው ደጋፊዎች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ከውስጥ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። አንዷ እታለም ናት፤ የአቶ ሆሴዕ የታላቅ ወንድማቸው ሚስት የነበረች፣ ባሏ ከሞተም በኋላ ያንን ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የያዘች። ሁለተኛው ከቦኖሻ ከተማ የመጣው ሚክያስ ነው፤ የአቶ ሆሴዕ ጸሐፊ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው የኖረ። ሦስተኛው የፓርቲው ምክትል አሞጽ ነው፤ የሺንሺቾ ሰው፣ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሰ፣ ሐሙስ ዕለት እንግዳ ሆኖ የመጣ።

ኢንስፔክተሩ ቅዳሜ ውሎ የሦስቱን ቃል ተቀበለ። ሳጅኑ በር ጠበቀ። እሑድ ማለዳ እታለም ዕቃ ቤት ተቆልፎባት ነበር።

«ሳጅን፣ የእጅ ጽሑፍህ ጥሩ ነው» አለው ኢንስፔክተሩ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ እየጣለ። «በንጹሕ ገልብጥልኝ። መንገዱ እየተጠረገ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይደርሳል። ሴትየዋን ይዘን እንሄዳለን።»

«በምን አወቋት፣ ጌታዬ?»

«መድኃኒቱ በእጇ ነው። ምክንያትም አላት፤ ሟቹ ሐሙስ ዕለት ቤቱ የፓርቲ ቢሮ ስለሚሆን ወደ ወንድምሽ ሂጂ ብሏታል። ከዚያ ደግሞ ዋሸች። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ሳጅኑ ምንም እንደማይፈልግ ሰው ራሱን ነቅንቆ ተቀመጠ። በዚህ አገር የእጅ ጽሑፉ ጥሩ ነው የተባለ ሰው መጨረሻው የታወቀ ነው፤ የሌላውን ቃል ሲገለብጥ ይሸብታል። ግን የሚገለብጥ ሰው አንድ ነገር አለው። እያንዳንዷን ቃል ሁለት ጊዜ ያያታል።

የእታለም ቃል አጭር ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከብልቃጡ አንድ ፍሬ መድኃኒት አውጥቼ በውሃ ሰጠኋቸው። አሥር ሰዓት ላይ ሙቅ አፍልቼ ለሚክያስ ሰጠሁት፤ እሱ ይዞላቸው ገባ። ከዚያ አልገባሁም።» ሥሩ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

ሚክያስ ደግሞ፣ «ሙቅ አልተሰጠኝም፤ ሙቅ ይዤም አልገባሁም። ጋሽ ሆሴዕ ሙቅ ሲጠጡም አይቼ አላውቅም» ብሏል። አሞጽም ሙቅ ሲገባ አላየም። ኢንስፔክተሩ ማድ ቤቱን አስፈትሾ ነበር፤ የሙቅ ዱቄት የለም፣ ሙቅ የተሠራበት ድስት የለም። ስለዚህ ዋሽታለች፤ ስለዚህ ገድላለች። ዲግሪ እንዲህ ነው የሚያስበው።

ሳጅኑ ብዕሩን ከድኖ ተነሣ።

በመጀመሪያ ብልቃጡን አየ። ሰኞ ዕለት የተገዛ ነው፤ እስከ አፉ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሆሳዕና ላለው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ለዮሴፍ ስልክ ደወለ።

«ዮሴፍ፣ የአቶ ሆሴዕን መድኃኒት ማን ነው የሚወስደው?»

«ሚክያስ ነዋ። ሰኞ ወሰደ፤ ማክሰኞ ደግሞ ጠፋብኝ ብሎ መጣ፣ ሌላ ሰጠሁት። ምነው?»

«ምንም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

ቀጥሎ ወደ ሟቹ ክፍል ገባ። ንግግሩ እዚያው ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት። አራተኛው ገጽ የለም። ሦስተኛውን ቆሞ አነበበው፤ ስለ አገር ውስጥ ነው። «መንግሥት የሚጀምረው ከቤት ነው። አባት በቤቱ፣ ሽማግሌ በመንደሩ መደመጥ ሲያቆም ፖሊስ ብቻ ይቀራል። ፖሊስ ብቻ የቀረው አገር እስር ቤት ነው። መሬታችን አይሸጥም፤ የተሸጠ መሬት ከነሥሩ እንደተነቀለ እንሰት ነው፤ መልሶ አይበቅልም።» ሳጅኑ ጥሩ አባባል ነው አለ በልቡ። ይህን ያሉ ሰው የወንድማቸውን ሚስት ከቤት ሊያወጡ እንደነበረም አልረሳም።

ዕቃ ቤቱን ከፍቶ ገባ። እታለም የእህል ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። መስኮት የለውም።

«እንደምን አደሩ፣ እህቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቆልፎብኝም ነጋ።»

«መብራት ነበረዎት?»

«ጠፋ። ያ ፖሊስ ልጅ ሰም አበራልኝ።»

«ሰም?»

«ሰም ነዋ። የሚነደው ሰም።» ወደ ጥጉ አመለከተች። ጥጉ ላይ ግማሽ ሻማ ቆሟል።

«ሚክያስ ከአቶ ሆሴዕ ክፍል ሲወጣ አይተውታል?»

«አይቻለሁ። ወረቀት ይዞ ወደ ክፍሉ ሄደ። ያንን መያዣውን ሲከፍት ሰማሁ፤ ዚፑ ይጮሃል።»

«የምን መያዣ?»

«ያ… መንገድ ሲሄድ የሚሸከመው። ልብስ የሚከትበት።»

ሳጅኑ ከፊቷ ቁጢጥ አለ። ሲያናግራት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የባለቤትዎ አባት ስማቸው ማን ነበር?»

እታለም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ሁሉ ያውቀዋል። ምነው እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሳጅኑ ሌላ አልጠየቃትም። ሲወጣ ግን በሩን አልቆለፈውም።

አሞጽ በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጫማው ውድ ነው፤ ጭቃው አስጨንቆታል።

«ሐሙስ ተጣልታችሁ ነበር አሉ፣ አቶ አሞጽ።»

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። በአገር ውስጡ አንድ ነን። ቤተሰብ ይጠበቅ፣ መሬት አይሸጥ፣ ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ይቅደም፤ እኔም የማምነው ነው። የተለያየነው በውጭው ላይ ነው። አሥራ አራት ዓመት ጆበርግ ኖሬያለሁ። ልጆቻችን በሱቃቸው በር ላይ ሲገደሉ የሚጮህላቸው የለም። ጠንካራ አጋር እንያዝ፣ ውል እንግባ እላለሁ። እሳቸው እምቢ።»

«አራተኛው ገጽ ላይ?»

«አራተኛው ገጽ ላይ። ያ ልጅ ኢንስፔክተር የወሰድኩት እኔ ይመስለዋል። ምን ያደርግልኛል? እስኪሰለቸኝ አንብበውልኝ በቃሌ ይዤዋለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «‘ከሁሉ ጋር ወዳጅ፣ ከማንም ጋር አማች አንሁን። ወዳጅ በደጅ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ አማች ጓዳ ይገባል። አማች ያደረግነው ኃያል አገር መጀመሪያ የሚወስደው መሬታችንን አይደለም፤ ምላሳችንን ነው። ስሙን ላለመጥራት የገዛ ቃላችንን እንለውጣለን።’ ሬዲዮ ላይ ተናግረውት አገር አጨበጨበ። ከአባቴ አፍ የሰማሁት ነው አሉ።»

ሳጅኑ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስደገመው። ከዚያ፣ «ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?» አለው።

«ከቤቱ ጀርባ፣ ስልክ እያወራሁ። ሙቅ ሲገባ አላየሁም፤ ተናግሬያለሁ።»

«ያሸተቱትስ ነገር አለ?»

አሞጽ ቆም አለ። «በእሳቸው መስኮት ዝንጅብል ይሸት ነበር። አማረኝ እንዲያውም።»

ሚክያስ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጣቱ ላይ የብዕር ቀለም ደርቋል። ሻንጣው ከእግሩ ሥር ነው።

«ንግግሩ ያንተ እጅ ነው፣ አይደል?»

«እጁ የኔ ነው። ንግግሩ የጋሽ ሆሴዕ።»

«እኔም ስገለብጥ ነው ያረፈድኩት» አለ ሳጅኑ። «ደስ አይልም።»

ሚክያስ ፈገግ ሊል ቃጣው፤ ተወው።

«አንተስ፣ ሳጅን፣ ስምህ የት ላይ ይጻፋል?»

«እኔ? የደመወዝ መዝገብ ላይ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። መኪናው አንጋጫ መገንጠያውን አልፏል ተባለ። ሳጅኑ እታለምን ማድ ቤት አስገብቶ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ከጎረቤትም የገብስ ዱቄት አስመጣላት። ከዚያ ኢንስፔክተሩ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ሁሉንም ሳሎን ልሰብስብ። አሥር ደቂቃ።»

«ቲያትር ልትሠራ ነው?»

«ከተሳሳትኩ ስለ እኔ የሚጽፉትን ራሴ እገለብጥልዎታለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሳቀና ፈቀደ። አሞጽ ሶፋው ላይ፣ ሚክያስ በሩ አጠገብ፣ እታለም በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ ክዳን ያለው ድስት፣ ብርጭቆና ኩባያ አለ። በሩ ተዘጋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሚክያስ» አለ ሳጅኑ ዘና ብሎ። «‘ከማንም ጋር አማች አንሁን’ የሚለውን አቶ ሆሴዕ ከአባታቸው ነው የወረሱት ይባላል። አባትየው በእውነት አዋቂ ሰው ነበሩ ማለት ነው።»

የሚክያስ ፊት ጠቆረ። «አባትየው ሃያ ቃል አማርኛ አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ ከየት መጣ? እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ ጸሐፊ አይጽፈውም።»

«ዝም ብሎ ጸሐፊ?»

ሳጅኑ ወደ እታለም ዞረ። «እህቴ፣ የእንግዶቹ ጉሮሮ ደርቋል። የሚጠጣ ይዘዙላቸው።»

«ሚክያስ ልጄ» አለች እታለም እንደ ወትሮዋ፣ «ሙቁን ቅዳላቸው።»

ሚክያስ ተነሣ። ዓይኑ ሳጅኑ ላይ ነው፤ ከንፈሩ መልስ እያላመጠ ነው። እጁ ግን መንገዱን ያውቃል። ፔርሙዙን አንሥቶ ብርጭቆው ላይ ደፋ አደረገው። ቀይ ሻይ ወረደ። ሳሎኑን ዝንጅብል ሞላው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሊሞላ ሲል እጁ በአየር ላይ ቀረ።

ሳጅኑ የድስቱን ክዳን አነሣ። የገብስ ሙቅ እንፋሎቱን ለቀቀ።

«ሙቁ ይኸውልህ፣ ሚክያስ። አንተ ግን የቀዳኸው ሻይ ነው።»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን አሰገገ። «ምን ማለት ነው?»

«ቀስ ብዬ ላስረዳዎት፣ ጌታዬ። የኔ እናት እንደ እታለም የከምባታ ልጅ ነበረች። አማቷ ሎምቤቦ ይባላል። አርባ ዓመት ሎሚን ሎሚ ሳትል ‘ጎምዛዛው’ እንዳለች ሞተች። ባሊሻ ይሉታል። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። አማቱ ቢሞትም ያው ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ትተውታል። እታለም አልተወችም። የአማቷ ስም ሻሜቦ ነው። ሻማን ሰም ትለዋለች፤ ሻንጣን መያዣ። ሻይን ደግሞ ምን ትለዋለች? ትኩስ ነውና፣ ሙቅ።»

«ፓስተሩ ተይው ብሎኛል» አለች እታለም ለራሷ እንደምትነግር። «አፌ ነው እምቢ ያለው።»

«ቃሏ ሲነበብላት ሙቅ ሲል ትክክል መሰላት፤ አሻራዋን ሰጠች። እርስዎ ዱቄት ፈለጉ። እሷ ያለችው ግን አሥር ሰዓት ላይ ሻይ አፍልቼ ለሚክያስ ሰጠሁት ነው። መድኃኒቱ መራራ ነው። አሥር ፍሬ ተፈጭቶ በንጹሕ ውሃ ቢሰጣቸው ይተፉት ነበር። ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ግን ይደብቀዋል። አቶ አሞጽ ዝንጅብሉን አሽትተዋል። ሙቅ ላይ ዝንጅብል ማን ያደርጋል?»

«መድኃኒቱ ከእሷ ቁም ሣጥን ነው» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ድምፁ ግን አንሷል።

«የእሷ ብልቃጥ ሙሉ ነው፤ አልጎደለም። ሁለተኛ ብልቃጥ ነበረ። ማክሰኞ ዕለት ጠፋብኝ ብሎ ዮሴፍ ዘንድ ሄዶ የወሰደው ሚክያስ ነው።»

ሚክያስ ፔርሙዙን አስቀመጠ። «ሙቅ አልያዝኩም ነው ያልኩት። አልዋሸሁም።»

«አልዋሸህም። ያስያዘህም እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ቢሆን ‘ሙቅ አይደለም፣ ሻይ ነው የሰጠችኝ’ ይል ነበር። አንተ ግን አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ሙቁን ቅዳ ስትባል ሻይ ቀድተሃል። ኢንስፔክተሩ ቃሉን ሲስት አየህ፤ እሷን በገዛ አፏ ቆልፈህባት ዝም አልክ። አላውቅም ነበር እንዳትለኝ። ‘ስሙን ላለመጥራት የገዛ ቃላችንን እንለውጣለን’ ብለህ የጻፍከው የማንን አፍ እያየህ ነው?»

እታለም ቀና ብላ ሚክያስን አየችው። ይህን አታውቅም ነበር።

«አራተኛው ገጽ ሻንጣህ ውስጥ ነው» አለ ሳጅኑ። «ብርጭቆውን አጥበህ መለስክ። ወረቀቱን ግን ሻይ ባይፈስበት አታነሣውም ነበር። ልታቃጥለው ይገባ ነበር።»

አንዱ ፖሊስ ሻንጣውን አመጣ። ገጹ ከልብሱ ሥር፣ በንጹሕ ሸሚዝ ተጠቅልሎ ተገኘ። በግማሹ ላይ ቡናማ ክብ ደርቋል።

«ይመረመራል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ አንድ ነገር ለማለት ያህል።

«አያስፈልግም» አለ ሚክያስ። ተቀመጠ። «ላቃጥለው ክብሪት ጭሬ ነበር። ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ጥሩ ነገር ያ ነው።» ጣቱ ላይ የደረቀውን ቀለም ፋቅ ፋቅ አደረገው። «ለወረዳ ምክር ቤት ልወዳደር፣ ስሜን ዝርዝሩ ላይ ያስገቡልኝ አልኳቸው። ሰኞ ማታ ነው፤ ሻይ እየጠጡ ነበር። ‘ሚክያስ፣ እጅ አፍ አይሆንም’ አሉኝ። ቀናም አላሉ። ያንንም ቃል ደግሞ ከእኔ ነው የሰሙት፤ ለሌላ ሰው የጻፍኩላቸው ነበር።»

አሞጽ ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አወጣና እታለም ፊት ቆመ።

«ቃልሽ ይታረማል። ለሚክያስ የሰጠሽው ምን ነበር? በአፍሽ ተናገሪ።»

እታለም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«አንድ ቃል ነው እኮ። ሁለት ፊደል። እሱን ካላልሽ ይሄ አሮጌው ቃል ነው የሚጸናው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ይዤዋለሁ» አለች። «ለዕቃ ቤቱም አልለቀቅኩትም፤ ለእርስዎም አልለቀውም።»

ሳጅኑ ወረቀቱን ከኢንስፔክተሩ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ። «ሙቅ» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ «ሻይ» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ ጻፈ። ጎኑ ላይ፣ «ምስክሯ ይህን ቃል በባህሏ ምክንያት አትጠራም፤ ፔርሙዙን በእጇ አሳይታለች» ብሎ አከለበት። እታለም ፔርሙዙን ነካች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎም ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ኢንስፔክተሩ አንብቦ ፈረመ። ፖሊሶቹም ከአጠገቧ ተነሡ።

ሚክያስን ወደ መኪናው የወሰደው ሳጅኑ ነው። ደጋፊዎቹ በጃንጥላቸው ሥር ሆነው አዩት። ማን እንደሆነ ያወቀው የለም፤ የሚያውቁት መልኩን ሳይሆን ንግግሩን ነበር።

«ሳጅን» አለ ሚክያስ፣ ከመግባቱ በፊት። «ሪፖርቱን ማን ነው የሚጽፈው?»

«እኔ።»

«የሚፈርመውስ?»

ሳጅኑ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። ኢንስፔክተሩ በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ የደረስኩበት፤ የቋንቋ ጉዳይ ነበር» እያለ ነው። ሳጅኑ የመኪናውን በር ዘጋው።

ሲመለስ እታለም ማድ ቤቱ ደፍ ላይ ቆማ ነበር። ዕቃ ቤቱ ከጀርባዋ ክፍት ነው።

«ና ግባ እንጂ» አለችው። «ሙቁ ይቀዘቅዛል።»

ሳጅኑ ገባ። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቃትም።